በስደተኛ ስም የተለቀመ ድምፅ



ምርጫ በደረሰ ቁጥር በብዙ አገሮች ስለ ስደተኛ ብዙ ይወራል። ይህ ወሬ እንዴት እንደሚጀመርና ምን ትቶ እንደሚያልፍ የሚያሳየንን አንድ ታሪክ ዛሬ እናነሳለን። ቦታው በእንግሊዝ አገር፣ ከበርሚንግሃም አጠገብ ያለችው ስሜዚክ ናት። ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1964 ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ የሠራተኛ እጥረት ነበረባት። ስሜዚክ ደግሞ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። ከፑንጃብና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች ብዙዎች የሚሸሹትን፣ እሳት ዳር የሚሠራውን ከባድ ሥራ ያዙ። በአገሪቱ ግን ከጦርነቱ ጀምሮ የቆየ የመኖሪያ ቤት እጥረት ነበር። የማዘጋጃ ቤት ቤት የሚጠብቀው ሰው ወረፋው ረዝሞበታል። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ጥያቄው በማን ላይ ይላከክ የሚለው ነበር።

የወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ ፒተር ግሪፊትስ የስደተኞችን ጉዳይ የቅስቀሳው ዋና ርዕስ አደረገ። ጥቁሮችን የሚሰድብ መፈክር በከተማዋ ሲሰራጭ እንዲያወግዝ ቢጠየቅም አላወግዝም አለ። ተፎካካሪው ፓትሪክ ጎርደን ዎከር ከ1945 ጀምሮ የስሜዚክ ተመራጭ የነበረና ሌበር ፓርቲ ካሸነፈ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደሚሆን የታጨ ሰው ነበር። በጥቅምት ወር 1964 ሌበር በአገር አቀፍ ደረጃ ሲያሸንፍ ጎርደን ዎከር ግን በ1,774 ድምፅ ልዩነት ተሸነፈ።

በዚህ አልቆመም። በማርሻል ጎዳና የሚኖሩ አንዳንድ ነጮች፣ ማዘጋጃ ቤቱ ባዶ ቤቶችን ገዝቶ ለነጮች ብቻ እንዲያከራይ ጠየቁ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ተስማማ። የካቲት 12 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ.) በዚያ ጎዳና ላይ አንድ እንግዳ ታየ፦ ባለፈው ዓመት ሐጅ አድርጎ የተመለሰው ማልኮም ኤክስ፣ አልሐጅ ማሊክ አሽ-ሸባዝ። በመካ የሁሉም ቀለም ሰው በአንድነት ሲሰግድ ያየ ሰው፣ በስሜዚክ ሰው በቀለሙ ቤት ሲከለከል ተመለከተ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ በኒውዮርክ ተገደለ። ለቤቶቹ መግዣ የሚያስፈልገውን ብድር መንግሥት ስለከለከለ ዕቅዱ ከሸፈ።

ግሪፊትስ በ1966 ምርጫ ወንበሩን አጣ። ታዲያ ታሪኩ በደስታ ተፈጸመ ማለት ነው? አይደለም፣ ወገኖቼ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ግሪፊትስን በፓርላማ እንደ ለምጻም የሚገለል ሰው ብሎት ነበር። ነገር ግን በነሐሴ 1965 የራሱ መንግሥት ከኮመንዌልዝ አገሮች ለሚመጡ ሠራተኞች የሚሰጠውን የመግቢያ ፈቃድ በዓመት ወደ 8,500 ዝቅ አደረገ። በ1968 ደግሞ ከኬንያ በሚሸሹ የእስያ ተወላጆች ላይ በር የሚዘጋ ሕግ በጥቂት ቀናት ውስጥ አጸደቀ። ሰዎቹ የያዙት የእንግሊዝ ፓስፖርት ነበር! የስሜዚክን ቅስቀሳ ያወገዙት ሰዎች ድምፅ እንዳያጡ ፈርተው በዚያው መንገድ ሄዱ።

አንድ አገር ማን ይግባ ብሎ መወሰኑና ሕዝቡም በዚህ ላይ መከራከሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መራጭ ዕጩውን አንድ ነገር ይጠይቀው፦ ጎረቤቴን ብትጠላልኝ፣ ለእኔ ስንት ቤት ትሠራልኛለህ? በስሜዚክ ይህን አጥብቆ የጠየቀ ሰው ቢበዛ ኖሮ መልሱ ባዶ መሆኑ ቶሎ በታወቀ ነበር።