መቅደሱን አታፍርሱት

ንጉሡ ቤት ውስጥ አልቀበላቸውም አለ። እንግዶቹ ከሮም የመጡ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ መሪያቸው አውግስጢኖስ የሚባል መነኩሴ ነው። ንጉሡ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የኬንት ገዥ ኤተልበርት። ዘመኑ በፈረንጆቹ 597 ነው፤ ከዚህ ወዲያ የምጠራላችሁም ዘመን ሁሉ የነሱ ነው። እንግዶቹ ታኔት በምትባል ደሴት ወርደው ሲጠብቁ ንጉሡ መጣና ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ለምን ሜዳ ላይ? ጣራ ሥር አብሬያቸው ከገባሁ መተት ይሠሩብኛል ብሎ ፈርቶ ነዋ! እነሱ የብር መስቀል ከፊት አስቀድመው፣ በሰሌዳ የተሳለ የጌታን ሥዕል ይዘው፣ እየዘመሩ ቀረቡት።

ልብ በሉልኝ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና ስለ አረማዊ ልማድ ሙግት በተነሣ ቁጥር ተጠርጣሪዎቹ አረማውያኑ ይመስሉናል። ታኔት ላይ በጠንቋይነት የተጠረጠሩት ግን ክርስቲያኖቹ ነበሩ።

ይህን ያቆየልን ቢድ የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ ነው፤ የሕዝቡን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በ731 ጽፎ ጨረሰ። ኤተልበርት ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱ በርታ የፍራንኮች ንጉሥ ልጅና ክርስቲያን ስለነበረች ነገሩ ከጆሮው አልራቀም። «የአባቶቼን እምነት ባንድ ቀን አልጥልም፤ እናንተ ግን ስበኩ» በሚል መንፈስ ሸኛቸው፤ ቆይቶም ራሱ ተጠመቀ። ሮም ያለው ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት በ601 ሁለተኛ ቡድን ላከ። በዚህ ቡድን ውስጥ መሊጦስ የሚባል መነኩሴ አለበት። ስሙን ያዙልኝ።

ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። መንገደኞቹ ለንጉሡ ደብዳቤ ይዘው ወጥተዋል፤ ቀኑ በፈረንጆቹ ሰኔ 22። መልእክቱ የሚያሻማ አይደለም፦ አምልኮ ጣዖትን አጥፋ፣ መቅደሶቹን አፍርስ ይላል። ጳጳስ ለአዲስ ተጠማቂ ንጉሥ የሚጽፈው ይኸው ነው። መንገደኞቹ ገና የፍራንኮችን ምድር ሳይጨርሱ ግን ጎርጎርዮስ ሐሳብ ገባው። ሊቃውንቱ አስልተው ሐምሌ 18 በሚሉት ቀን ለመሊጦስ ሌላ ደብዳቤ ጻፈና መልእክተኛ አስከተለበት። ቁጠሩት፤ አንድ ወር አልሞላም።

አውግስጢኖስን ስታገኘው ስለ እንግሊዞቹ ነገር ብዙ አሰብኩበት በለው፣ ይላል ደብዳቤው በጥቅሉ። መቅደሶቹ አይፍረሱ፤ በውስጣቸው ያሉት ጣዖታት ግን ይሰባበሩ። ጠበል ይረጭ፣ መሠዊያ ይሠራ፣ የቅዱሳን ዐፅም ይግባ። ቤቱ በደንብ የታነጸ ከሆነ ምን ብሎ ይፈርሳል? ሕዝቡም የለመደው ቦታ እንዳልፈረሰበት ሲያይ ልቡ ይረጋል፤ እግሩ በለመደበት መንገድ ይመጣል።

ቀጥሎ ወደ በሬዎቹ ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች ለአጋንንት ብዙ በሬ ሲያርዱ ኖረዋል፤ ያንን ከልክለህ ባዶ እጃቸውን አትተዋቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ቤት ሲከበር ወይም ዐፅሙ የገባው ሰማዕት ቀን ሲደርስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቅጠል ዳስ ይጣሉ። በሬውንም ይረዱ፤ ግን ለሚበሉት ማዕድና ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን። የደነደነ ልብ ባንዴ ሁሉን አይጥልም፤ ወደ ላይ የሚወጣ በደረጃ እንጂ በዝላይ አይወጣም። ማስረጃም ይጠቅሳል፦ እስራኤል በግብፅ የለመዱትን መሥዋዕት እግዚአብሔር ለራሱ አደረገው እንጂ ፈጽሞ አልከለከላቸውም።

ንግሥ ላይ ዳስ ጥሎ፣ ፍሪዳ አርዶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ደብዳቤ ሩቅ አይደለም። እኔ የምወድለት ግልጽነቱን ነው። ሰውየው አልተደበቀም። ከጣዖት ቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከጣዖት ድግስ የሰማዕት ድግስ አድርጉ ብሎ በፊርማው አዘዘ፤ ለምን እንዳዘዘም ተናገረ። ከሺህ ዓመት በኋላ «ቤተ ክርስቲያን የደበቀችውን ምሥጢር አገኘን» ብለው የሚነሡ ሰዎች ደብዳቤው ሁልጊዜም በቢድ መጽሐፍ ክፍል 1፣ ምዕራፍ 30 ላይ ተቀምጦ እንደነበር ቢያውቁ ብዙ ቀለም ባተረፉ።

ምክሩ ሠራ ወይ? ቢድ ራሱ የሚያወራውን ስሙ። የምሥራቅ አንግልያ ንጉሥ ሬድዋልድ ኬንት ሄዶ ተጠመቀ። ቤቱ ሲመለስ ሚስቱና አማካሪዎቹ ያዙት፤ እሱም ነገሩን በዘዴ ፈታው። በአንድ መቅደስ ውስጥ ለክርስቶስ አንድ መሠዊያ፣ ለጣዖታቱ ደግሞ አነስ ያለች ሌላ መሠዊያ አቆመ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል! ቢድ በዚህ ሰው ይናደዳል፤ እኔ ግን ሳልስቅ አላልፈውም። ወሬው ደግሞ ተራ ወሬ አይደለም፤ በዚያው አገር በኋላ የነገሠው ኤልድዉልፍ ልጅ ሳለሁ መቅደሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ እያለ ይናገር ነበር።

መሊጦስስ? የለንደን ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ያጠመቀው ንጉሥ ሲሞት ያልተጠመቁት ልጆቹ ነገሡ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሲያቆርብ አዩት። ለአባታችን ትሰጠው የነበረውን ያንን ነጭ ኅብስት ለእኛስ ለምን አትሰጠንም አሉት። ተጠመቁና እሰጣችኋለሁ አላቸው። ወደ ጠበሉ አንገባም፣ ኅብስቱን ግን እንፈልጋለን፤ ካልሰጠኸን አገራችንን ልቀቅ አሉና አባረሩት።

በሰሜን እንግሊዝ ያለው ደግሞ ጭራሽ ተገልብጦ ነው የሆነው። በ627 አካባቢ ንጉሥ ኤድዊን አማካሪዎቹን ሰብስቦ አዲሱን እምነት እንቀበል ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀድሞ የተናገረው የጣዖቱ ሊቀ ካህናት ኮይፊ ነበር። እኔ ከሁሉ በላይ አማልክቱን አገለገልኩ፤ ከንጉሡ ሹመትና ሽልማት የሚያገኙት ግን ሌሎች ናቸው፤ ጥቅም ቢኖራቸው ኖሮ እኔን ባልረሱኝ አለ። በሕጋቸው ካህን ጦር መያዝም፣ ከባዝራ በቀር ፈረስ መቀመጥም አይችልም። ኮይፊ ጦርና ድንጉላ ፈረስ ጠየቀ፣ እየጋለበ ሄዶ ጦሩን መቅደሱ ውስጥ ወረወረ፣ ከዚያም አቃጥሉት ብሎ አዘዘ። ጎርጎርዮስ አትንኩት ያለውን የገዛ ካህኑ በእሳት ጨረሰው።

የእንግሊዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሓ ሄዳችሁ ከሆነ ታላቁን የድንጋይ መቅደስ አይታችኋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ አልመቃህ ለሚባል አምላክ የተሠራ ነው። እንዲህ ቆሞ የቆየው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። አጠገቡ ያለው የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ከጥንቱ ሕንጻ የመጡ፣ የዋልያ ምስል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ገብተዋል። የንጉሥ ዒዛናም ሳንቲም ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረ፤ ሲያምን በዚያው ቦታ መስቀል ገባ። ሳንቲሙ አልተጣለም፤ ምልክቱ ተለወጠ እንጂ።

ሙግቱ ራሱ ግን ከጎርጎርዮስም ይቀድማል። ጋል የምትባል አገር ሰው ቪጊላንጢዮስ ካህን ነው፤ ከውጭ የመጣ ከሳሽ አይደለም። በሰማዕታት መቃብር ፊት ፀሐይ እያበራች ጧፍ የሚበራው ምን ይባላል? ይህ የአሕዛብ ልማድ ነው፤ ብሎ ጻፈ። ቤተልሔም ተቀምጦ የነበረው ሊቁ ጄሮም በ406 መለሰለት። መልስ ስላችሁ ስድብ ነው፤ በአንድ ሌሊት ያስጻፈው እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ከስድቡ መካከል ግን አንዲት ቁምነገር አለች፦ ያ ለጣዖት ሲደረግ አስጸያፊ ነበር፣ ይህ ለሰማዕታት ስለሚደረግ የተቀበልነው ነው። አልካደም! የቪጊላንጢዮስ መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ዛሬ ስሙን የምናውቀው በዋናነት ከሰደበው ሰው ነው። ለጄሮም አደላለሁ፣ ግን ተሸናፊው በራሱ አፍ ሲናገር ብሰማ እመርጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሮሙ ጳጳስ ልዮን አለ፤ በኬልቄዶን ጉባኤ ነገር የኛ ሊቃውንት የማይወዱት ያው ልዮን። በልደት በዓል ስብከቱ ምእመናኑን ይገሥጻል። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ወጥተው፣ ሊገቡ ሲሉ ፊታቸውን መልሰው ለምትወጣው ፀሐይ ይሰግዱ ነበርና። የሰውየው ቁጣ የሚነግረን በአምስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሮም ውስጥ ፀሐይ ገና ከሰው ልብ አለመውጣቷን ነው።

ፀሐይ ካልን ልደትን ማለፍ አይቻልም። ታኅሣሥ 25 በፈረንጆቹ የማይበገረው ፀሐይ ልደት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ወሰደችው፤ ይባላል። ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን በ274 ለዚህ ፀሐይ ሮም ላይ ቤተ መቅደስ መሥራቱ እውነት ነው። ችግሩ፣ የፀሐይ ልደት በዚያ ቀን እንደሚከበር በግልጽ የሚናገረው የታወቀው ቀዳሚ ጽሑፍ በ354 የተጠናቀረ የሮም መዝገብ መሆኑ ነው፤ ክርስቶስ በዚያው ቀን ተወለደ የሚለውም እዚያው ውስጥ ተጽፏል። ማን ከማን ወሰደ?

ሌላ መልስ የሚሰጡ አሉ፤ እሱን ለማየት ሮም መሄድ አያስፈልግም፣ የግድግዳ ካላንደራችሁ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ጽንሰት መጋቢት 29 ታከብራለች፤ ልደትን ታኅሣሥ 29። መጋቢት 29 በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ማርች 25 ነው፤ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ዲሴምበር 25። በመካከሉ ስንት አለ? ጳጉሜን ጨምራችሁ ቁጠሩ፤ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለውም ይህ ቁጥር እንዳይዛነፍ ነው። የካርታጎው ተርቱልያን በ200 ገደማ ጌታ የተሰቀለው ማርች 25 ነው ብሎ ነበር፤ አውሬልያን መቅደሱን ሳይሠራ ሰባ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የተፀነሰበትና የሞተበት ቀን አንድ ነው የሚል እምነት ነበረና ከዚያ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ልደት ይወጣል። እኛ ዘንድ መጋቢት 29 ከስቅለት ሳይሆን ከጥንተ ትንሣኤ ጋር ነው የገጠመው። እንደኔ ግምት ቀኑን ያወጣው ሒሳቡ ነው፤ በዓሉን ያደመቀችው ግን ፀሐይ ናት።

በዓሉ አረማዊ ነው ብለው እስከ መሻር የደረሱም ነበሩ። በ1647 የእንግሊዝ ፓርላማ የልደትን በዓል ሻረ። በ1659 ፒዩሪታን የሚባሉት የማሳቹሴትስ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ልደትን ባከበረ ሰው ላይ አምስት ሽልንግ ቅጣት ጣሉ፤ እስከ 1681 ጸና። ጠንካራ ሰዎች ነበሩ፤ ቢያንስ ክሳቸውን በኑሯቸው ከፈሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው የሚያስገርመው። አሌክሳንደር ሂስሎፕ የስኮትላንድ ቄስ ነው። በ1853 አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፣ በ1858 አስፋፋት፤ ስሟ «ሁለቱ ባቢሎኖች»። የሮም ካቶሊክ ሥርዓት ሁሉ ከናምሩድና ከሚስቱ ከሰሚራሚስ የወረደ ነው ትላለች። ዘፍጥረት ስለ ናምሩድ ሚስት አንዲት ቃል አይናገርም። ሰሚራሚስ የሚለው ስም የመጣባት የአሦር ንግሥት የኖረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 ዓመት ገደማ ነው፤ ናምሩድ ግን የኖኅ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ሂስሎፕ ይህ አላስጨነቀውም። የካቶሊኮች ኅብስት ክብ ነው፣ ፀሐይም ክብ ናት፣ ስለዚህ ኅብስቱ የፀሐይ ነው ይላል። በዚህ ስሌት እንጀራ የሚጋግር ቤት ሁሉ የፀሐይ መቅደስ ሊሆን ነው!

ይህን መጽሐፍ አምኖ የተነሣ ራልፍ ዉድሮው የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ በ1966 በሂስሎፕ ላይ የተመሠረተ የራሱን መጽሐፍ አወጣ። በሰፊው ተነበበለት፣ ተሸጠለት። ኋላ ላይ ሂስሎፕ የጠቀሳቸውን ምንጮች ራሱ እያወጣ ማየት ጀመረ። ምንጮቹ ሂስሎፕ አሉ የሚለውን ብዙ ጊዜ አይሉም። አረማውያን ይንበረከኩ ነበር፣ እጃቸውን ያነሡ ነበር፣ ቤተ መቅደስ ነበራቸው፤ መመሳሰል ብቻ ማስረጃ ከሆነ የትኛው ክርስቲያን ያመልጣል? ዉድሮው ገበያ ያለውን መጽሐፉን ከሽያጭ አወጣውና በ1997 የራሱን ስሕተት የሚያርም ሌላ አሳተመ። የሂስሎፕ መጽሐፍ እስከ ዛሬ እየታተመ ይሸጣል።