«ቁጥጥር» ስለሚለው ቃል

በሥነ ልቡና ሙከራ መጻሕፍት ተርጓሚን ከሚያደናግሩት ቃላት አንዱ «ኮንትሮል» ነው። ከፈረንሳይኛ የተወረሰው ይህ ቃል በጥንቱ ሒሳብ የሚመሳከርበት ሁለተኛ መዝገብ ማለት ነበር። የእኛም «ቁጥጥር» ከ«ቈጠረ» መውጣቱን ስናስተውል ሁለቱ ቃላት በአንድ መንገድ መጓዛቸው ያስደንቃል። ይሁን እንጂ «ቁጥጥር» ዛሬ የሚያሳስበን የተቆጣጣሪን ሥራ ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ሙከራ እንመልከት። ብልሁ ሐንስ የተባለው የበርሊን ፈረስ የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብለት በኮቴው እየመታ ይመልስ ነበር። በ1904 (እ.ኤ.አ.) ካርል ሽቱምፕፍ የመራው የመርማሪዎች ጉባኤ ማታለል እንደሌለበት መሰከረ። ምርመራውን የቀጠለው ኦስካር ፕፉንግስት ፈረሱን ድንኳን ውስጥ አስገብቶ የውጭውን ሁካታ ከለከለ፤ ፈረሱ ግን መመለሱን አልተወም። መልሱን የማያውቅ ሰው ሲጠይቀው ወይም ጠያቂውን እንዳያይ ሲጋረድ ግን ተሳሳተ። ምልክቱ ጠያቂው ሳይታወቀው የሚያሳየው ጥቂት የራስ እንቅስቃሴ ኖሯል፤ ውጤቱም በ1907 ታተመ። (ሐንስ ሒሳብ አያውቅም፤ ሰውን በማስተዋል ግን ብዙዎችን ሳይበልጥ አልቀረም።)

እንግዲህ ድንኳኑ የአካባቢን ተጽዕኖ መከላከያ ነው፤ ጠያቂዎችን ለዋውጦ ውጤቱን ማስተያየት ግን ማነጻጸር ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ይይዛል፤ «ቁጥጥር» ግን ሁለተኛውን አይሸከምም። «የቁጥጥር ቡድን» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ሌሎቹን የሚጠብቁ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ቡድኑ እኮ ምንም ሳይደረግበት ለማስተያያ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው «የአካባቢ ቁጥጥር» ቢጸና አንቃወምም፤ ለሁለተኛው ግን «ማነጻጸሪያ ቡድን» የሚለውን እንመርጣለን። ብርሃንንና ሙቀትን በአንድ ልክ ጠብቆ ማቆየት ለሚለው ሦስተኛ ፍች «ማጽናት» ይበቃል።