ነገሥታት ያረፉባት ደሴት

ከሰከላ ተራሮች የሚወርደው ግልገል ዓባይ ጉዞውን የሚጨርሰው ጣና ገብቶ ነው። ከፈረስ ቤት ከተማ የተነሣ ተሳላሚ ግን ባሕር ዳር ሲደርስ ጉዞው ገና ይጀምራል፤ ጀልባ ተሳፍሮ ረጅም ሰዓት በውሃ ላይ ከሄደ በኋላ ነው ደን የለበሰችው የዳጋ ኮረብታ ከሐይቁ መካከል ብቅ የምትለው። የዳጋ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከአናቷ ላይ ነው፤ ዳገቱም በእግር ይወጣል።

ገዳሙን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኂሩተ አምላክ እንደመሠረቱት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የደሴቲቱ ርቀት ለመነኮሳቱ ጸጥታን ብቻ አይደለም የሰጠው፤ ዳጋና ጎረቤቷ ደሴት ለቤተ መንግሥቱም ዕቃ ቤት፣ መቃብርና አንዳንዴም እስር ቤት ሆነው አገልግለዋል።

ይህን ከዐፄ ዘድንግል ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። ዐፄ ሠርፀ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1597 ሲያርፉ መኳንንቱ ሕፃኑን ያዕቆብን አነገሡ፤ ለዙፋኑ የደረሰውን ዘድንግልን ደግሞ ከዳጋ አጠገብ በምትገኘው በደቅ ደሴት አሰሩት። እሱ ግን አመለጠ፤ በዓባይ በረሃ ተራሮችም ተሸሸገ። በ1603 ነገሠ። በዓመቱ በ1604 መኳንንቱ አመፁበትና ደምቢያ ውስጥ በርጫ ላይ ተዋግቶ ወደቀ፤ አስከሬኑም ለቀናት ሜዳ ላይ ቀርቶ ነበር። በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ ዐፅሙን አስነሥተው ወደ ዳጋ አሻገሩት። በሕይወት ያመለጠውን ሐይቅ ሞቶ ገባበት።

ዛሬም ዐፅሙ ከገዳሙ ዕቃ ቤት ነው። እንደ ገዳሙ ትውፊት ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብና ፋሲለደስም እዚያው አርፈዋል፤ አስከሬናቸው በመስተዋት በኩል ይታያል። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣላት የእመቤታችን ሥዕልም የዳጋ ቅርስ ናት።

ይህን ሁሉ ያሻገረው ታንኳ ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይሞቃል። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ ሲያጠና የጣናን ደሴቶች ያየው የሞተር ጀልባ ሳይለመድ ነው።

ዳጋ ሴቶች አይገቡም። ከቤተሰብ ጋር የሚሄድ አንባቢ እግረ መንገዱን ደቅ ወርዶ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ይሳለም፤ እሷ ለሁሉም ክፍት ናት።