የቦናያ ሌሊት፤ የተቃጠሉት አውሮፕላኖችና ሰዎቻቸው

በጦርነት ዘመን ወድቆ ወይም ተቃጥሎ የቀረ አውሮፕላን ታሪክን ለሚመረምር ሰው ሦስት ጥያቄዎች ያቀርብለታል። ለምን መጣ? በውስጡ እነማን ነበሩ? ያጠፉትስ እነማን ናቸው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ መልስ ያገኛሉ፤ የአየር ኃይል መዝገብ የራሱን ሰዎች አይረሳምና። ሦስተኛው ግን ይዘነጋል። እኛ የወለንጪቲ ተማሪዎች ለዚህ የበዓል መጽሔት ሦስቱንም ለመመለስ የመረጥነው በ1928 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦናያ በተባለው ስፍራ የተደረገውን ነው።

የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ይሁን እንጂ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ገና አልተያዘም ነበር፤ ክረምቱም ሲገባ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆነ። ስለዚህ ኢጣልያኖች በአየር ሄደው ከባላባቶች ጋር በመነጋገር ወለጋን ያለ ውጊያ ለመያዝ አሰቡ። ሰኔ 19 ቀን ሦስት አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ሜዳ አረፉ። ከመጡትም ዋናዎቹ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ፣ ኮሎኔል ማርዮ ካልዴሪኒና ሻለቃ አንቶንዮ ሎካቴሊ ነበሩ። ሎካቴሊ በ1910 ዓ.ም. ከባለቅኔው ከዳኑንዚዮ ጋር እስከ ቪየና ከተማ የበረረ፣ በኋላም የአንዲስን ተራሮች በአየር የተሻገረ ስመ ጥር አብራሪ ነበረ።

በዚያው አገር ግን የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ይህ ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተ ሲሆን፣ ወጣቶቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ከመሪዎቻቸውም መካከል ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ ይገኙ ነበር። እነርሱም ሰኔ 19 ለ20 ሌሊት ሰፈሩን ከበው አደጋ ጣሉ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ጄኔራሉ፣ ኮሎኔሉና ሻለቃው ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ሞቱ። በሕይወት የተረፉት አባ ቦረሎ የተባሉ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ናቸው።

ወጣቶቹ አውሮፕላን ሲያዩ ምን ይታያቸው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በዚያው ዓመት የኢጣልያ አውሮፕላኖች በወታደሩና በባላገሩ ላይ የመርዝ ጋዝ አዝንበዋል፤ ታኅሣሥ 20 ቀንም በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደብድበዋል። በሌላ በኩል ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በዚያው ጦርነት ለቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኞችን ይረዳ ነበር። ከነጻነትም በኋላ ተመልሶ በጎረቤታችን በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አደራጀ። አውሮፕላን የሚያነሣውን ሰው ልብ ይዞ ይነሣል።

የሆለታ ተማሪዎች የነበሩበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ባወጣው ደንብ ባላገሩ እንዳይበደል፣ ምርኮኛም በሰብአዊነት እንዲያዝ አዝዟል። አገሩ በተወረረ፣ ወገኑም በመርዝ በተቃጠለ ወጣት እጅ እንዲህ ያለ ደንብ መጻፉ ከአውሮፕላኖቹ መቃጠል ያላነሰ ድል ይመስለናል። የማኅበሩ ሰዎች ከራስ እምሩ ጋር በ1929 ዓ.ም. እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ብዙዎቹ ተገደሉ።

በቦናያ የሞቱት ኢጣልያኖችም ሰዎች ነበሩና በመሞታቸው አንሣለቅም፤ እናቶቻቸው አልቅሰውላቸዋል። ለሎካቴሊም በተወለደበት በቤርጋሞ ከተማ መታሰቢያ ቆሞለታል። ነገር ግን በዚያች ሌሊት በጨለማና በጭቃ ከተጓዙት ወጣቶቻችን መካከል ከአለቆቹ በቀር የስንቱን ስም እንጠራለን? ከእኛ ጋር በዕድሜ የሚቀራረቡ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ የወደቀ አውሮፕላን ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ፣ የአብራሪዎቹን ስም በጻፈበት ገጽ ላይ በምድር የቆሙትንም ስም ፈልጎ ይጻፍ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያገኛል።