ከናስ መንጋጋ እስከ ምስለ ጥርስ፦ የጥርስ ሐኪሞች የእጅ ማፍታቻ ታሪክ

የተቆረጠ ቆዳ ይሽራል፣ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፤ የተቦረቦረ ጥርስ ግን መልሶ አይበቅልም። የጥርስ የላይኛው ልባስ ኢናሜል ይባላል፤ በሰው አካል ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከሥሩ ለስለስ ያለው ዴንቲን ይገኛል፤ ከዴንቲኑ ውስጥ ደግሞ ደም ሥርና ነርቭ የያዘው ፐልፕ አለ። ኢናሜል በጣም በሚወፍርበት በመንጋጋ ጥርስ ጉብታ ላይ እንኳ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። መቦርቦሪያው ከጠንካራው ወደ ለስላሳው ሲሻገር እጅ ወዲያው ካልተሰማው፣ ጤነኛው የጥርስ ክፍል ከበሰበሰው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ይባስ ብሎም ነርቩ ይነካል። ጀማሪው ይህን ስሜት በማን ጥርስ ላይ ይማር? የጥርስ ሕክምና ትምህርት ታሪክ አንዱ ገጽታ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ ምላሾች ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ምላሽ “በታካሚው ላይ” የሚል ነበር። ሙያው ለረጅም ዘመን የሚተላለፈው ከአንጋፋ ባለሙያ ሥር በመለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 ሆራስ ሄይደንና ቻፒን ሃሪስ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የዓለምን የመጀመሪያ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ከከፈቱ በኋላ ግን ትምህርቱ ቀስ በቀስ ወደ መማሪያ ክፍል ገባ። በዚያን ጊዜ መቦርቦሪያው የሚሽከረከረው በጣት ነበርና አዝጋሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ጄምስ ሞሪሰን እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ መቦርቦሪያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1875 ደግሞ ጆርጅ ግሪን በኤሌክትሪክ ለሚሠራው የራሱን መብት አስመዘገበ። መሣሪያው በፈጠነ ቁጥር ያልሠለጠነ እጅ የሚያደርሰው ጉዳትም ጨመረ።

ሁለተኛው ምላሽ የመጣው ከስኮትላንድ ነው። ኦስዋልድ ፈርገስ እ.ኤ.አ. በ1894 በብረት ዘንግ ላይ ሁለት የናስ መንጋጋዎችን ገጥሞ መለማመጃ ሠራ። ፋንተም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጭንቅላት ከዚህ ቀላል ዕቃ ተነስቶ ጉንጭና ከንፈር፣ የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ፣ ወደ ኋላ የሚጋደም አንገት እያወጣ ሄደ። ተማሪው እንደ ሐኪም ተቀምጦ፣ መስታወቱን በግራ መቦርቦሪያውን በቀኝ ይዞ የሚለማመድበት የመለማመጃ አዳራሽም በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ሆነ።

በፋንተሙ አፍ ውስጥ የሚተከለው ጥርስ ግን ሁልጊዜ እንዳከራከረ ነው። ከሰው አፍ የተነቀለ ጥርስ ለእጅ እውነተኛውን ስሜት ይሰጣል፤ ሆኖም እንደልብ አይገኝም፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ከተላላፊ በሽታ ለማጽዳትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፕላስቲክ ጥርስ በብዛት ይመረታል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ተማሪዎችን በእኩል ለመፈተን ይመቻል። ችግሩ ተራው የፕላስቲክ ጥርስ ከላይ እስከ ታች አንድ ጥንካሬ ያለው መሆኑ ነው፤ መማር ያለበት እጅ ዋናውን ትምህርት፣ ማለትም ከጠንካራ ወደ ለስላሳ መሻገርን፣ አያገኝበትም። ውጤቱን የሚመዝነው ደግሞ የመምህሩ ዓይን ነው። አንዱ መምህር ያለፈውን ሥራ ሌላው ሊጥለው ይችላል፤ ያው መምህር ራሱ ሥራውን በሌላ ቀን ሲያየው ሌላ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ጆን ቦርደን ለገበያ ያቀረበው በአየር ግፊት የሚሽከረከር መቦርቦሪያ ጉዳዩን አጣዳፊ አደረገው። መሣሪያው በደቂቃ ወደ 300,000 ጊዜ ይሽከረከራል። በእግር መርገጫው ዘመን ብዙ ደቂቃ ይወስድ የነበረ ሥራ በሰከንዶች ያልቅ ጀመር፤ ስህተቱም እንደዚያው።

በሌላ ሙያ ለተመሳሳይ ችግር መፍትሔ ከተገኘ ቆይቶ ነበር። ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የአብራሪዎች መለማመጃ ከሠራ ወዲህ፣ ምስለ በረራ የአውሮፕላን አብራሪዎች ሥልጠና አካል እየሆነ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮምፒውተር ዋጋ ሲቀንስና ጉልበቱ ሲጨምር የጥርስ ሕክምናም ይህን መንገድ ተከተለ፤ ሁለት አቅጣጫም ያዘ።

የመጀመሪያው አቅጣጫ ፋንተሙን ሳይጥል ኮምፒውተርን ታዛቢ አደረገ። በኢየሩሳሌም የነበረው ዴንኤክስ ኩባንያ የሠራው ዴንትሲም የዚህ ምሳሌ ነው። በመቦርቦሪያውና በፋንተሙ ላይ ታህተ ቀይ ብርሃን የሚረጩ መብራቶች ይገጠማሉ፤ ካሜራ የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይከታተላል፤ ተማሪው በፕላስቲክ ጥርስ ላይ የሚቆፍረው ጉድጓድ በዚያው ቅጽበት በስክሪን ላይ በሦስት ገጽታ ይሳላል። ኮምፒውተሩ ሥራውን ከትክክለኛው ቅርጽ ጋር እያመሳከረ የት እንደጠለቀ፣ የትኛው ግድግዳ እንደዘመመ በቁጥር ይናገራል። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ ነበር። የምዘናው ክርክር እዚህ ላይ በከፊል መልስ አገኘ፤ የፕላስቲኩ ስሜት ግን እንደነበረ ቀረ።

ሁለተኛው አቅጣጫ ጥርሱን ራሱን ወደ ቁጥር ለወጠው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ማሲና ኬኔዝ ሳሊስበሪ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠሩት በሞተር የሚንቀሳቀስ ክንድ ነው። እሱም እንደ ናሱ መንጋጋ ዝርያዎች ሁሉ ፋንተም ተባለ። ተማሪው በክንዱ ጫፍ ያለውን ብዕር መሰል መያዣ እንደ መቦርቦሪያ ይይዛል። ጥርሱ በኮምፒውተሩ ውስጥ በጣም ጥቃቅን ኪዩቦች ተደርጎ ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ ኪዩብ የኢናሜል፣ የዴንቲን ወይም የበሰበሰ ክፍል ጥንካሬ ይሰጠዋል። የመቦርቦሪያው ጫፍ ኪዩብ ሲነካ ሞተሮቹ በዚያው ልክ እጅን ይገፋሉ፤ ሲቦረቦር ኪዩቡ ይጠፋል። ዓይን በሰከንድ ሠላሳ ያህል ምስል ካገኘ ይረካል፤ ጣት ግን አይታለልም። ግፊቱ በሰከንድ ወደ 1,000 ጊዜ ካልተሰላ ጠንካራው ገጽ እንደ ስፖንጅ ይሆናል ወይም ይንቀጠቀጣል።

በዚህ መሠረት ላይ ልዩ ልዩ ማዕከላት የየራሳቸውን ሠሩ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የበሰበሰ ጥርስን በመመርመሪያ ጫፍ ለመለየት፣ የቺካጎው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የድድ ሕመምን ለመመርመር መለማመጃ አዘጋጁ። በጀርመን የሐምቡርግ ተመራማሪዎች እውነተኛ ጥርሶችን በረቂቅ የሲቲ ስካን አንስተው የምስለ ጥርስ መነሻ አደረጓቸው። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 በጀመረው ፕሮጀክት ለኮምፒውተር ጨዋታ የተሠራን ርካሽ መሣሪያ ለሙያው አስተካክሎ ተጠቀመ። በአምስተርዳም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ከሙግ ኩባንያ ጋር ሲሞዶንትን ሠራ። ሙግ በአውሮፕላን መቆጣጠሪያዎች የሚታወቅ በመሆኑ፣ የምስለ በረራ ዕውቀት በቀጥታ ወደ ጥርስ ተሻገረ ማለት ይቻላል። በሲሞዶንት ተማሪው ልዩ መነጽር አድርጎ ወደ እጁ ዝቅ ብሎ ያያል፤ ጥርሱ እጁ ባለበት ቦታ ይታየዋል፤ መርገጫውን ሲረግጥ የመቦርቦሪያው ፉጨት ይሰማዋል።

የእነዚህ መሣሪያዎች ጥቅም ግልጽ ነው። አንድን ጉድጓድ ሃያ ጊዜ መቆፈር ሃያ ጥርስ አያባክንም፤ ውኃም ብናኝም አይረጭም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ የመለማመጃ አዳራሾችንና ክሊኒኮችን ሲያስዘጋ ይህ ጠቀሜታ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ድክመታቸውም እንዲሁ ይታወቃል። የትንሽ ሞተር ጉልበት ውስን ስለሆነ የኢናሜልን ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ምራቅ፣ የሚንቀሳቀስ ምላስና የታካሚ ፍርሃት በቁጥር አይገኙም። ማሽኑ ጉድጓዱ በግማሽ ሚሊ ሜትር እንደጠለቀ ይናገራል እንጂ ተማሪው ክንዱን ለምን እንዳጣመመ የሚያየው መምህሩ ነው። ዋጋቸውም ለብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቀመስ አይደለም።

ስለዚህ የኮምፒውተሩ መለማመጃ (ሲሙሌተሩ) ሰው ሠራሹን የፋንተም ጭንቅላት አላስወጣውም። ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ያሠሩባቸዋል፤ ከዚያ ተማሪው በመምህር ጥበቃ ሥር ወደ ታካሚ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1894 ወዲህ የተለወጠው የጀማሪው የመጀመሪያ ስህተት የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ከሰው ጥርስ ወደ ናስ፣ ከናስ ወደ ፕላስቲክ፣ ከፕላስቲክ ወደ ቁጥር ተሻግሯል።