የቀለም ቀንድና የዘመኑ ብዕር

በአማርኛችን «ቀለም» የሚለው ቃል ሦስት ትርጕም ተሸክሞ ይኖራል። መጀመሪያ ዓይን የሚለየውን መልክ ሁሉ ያመለክታል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የምንለው ይህ ነው። ሁለተኛ ብዕር ተነክሮበት የሚጻፍበትን ፈሳሽ ያመለክታል። ሦስተኛም ትምህርትን ራሱን ያመለክታል፤ ትምህርት የሚገባውን ልጅ «ቀለም ይዘልቀዋል»፣ የማይገባውን «ቀለም አይዘልቀውም» እንላለን፤ ፊደል ያስቈጠረንንም መምህር «የቀለም አባት» ብለን እናከብራለን። የቃሉ ሥር ሲመረመር ከግሪኩ «ካላሞስ» ከዐረቡም «ቀለም» ጋራ ይገናኛል። በእነዚያ ቋንቋዎች ግን የሚጠራበት መጻፊያው መቃ ነው። ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ ከመቃው ወደ ቀንዱ ተሻገረ፤ ከቀንዱም ወደ አእምሮ ገባ።

በዛሬው ዘመን ቀለም የሚሞላ ብዕር የሚወዱ ሰዎች በየአገሩ ቍጥራቸው ጥቂት ያይደለ ነው። እነርሱም ከብዙ ብልቃጥ መካከል ያማርጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም አስቀድመው ያላሰቡትን መልክ፣ ምናልባትም የናቁትን፣ ከሁሉ አብልጠው ወድደው ይገኛሉ። አባቶቻችን የነበራቸው ሁለት ቀንድ ብቻ ነበር፤ አንዱ የጥቁር፣ አንዱ የቀይ። ይሁን እንጂ ያልታሰበ ቀለም መጥቶ በሰው ልብ ቦታ የያዘበት ታሪክ በእኛም አገር አለ። ይህንን ታሪክ ከዋግ ደጋ ተነሥተን ብንከተለው ትምህርት የሚሰጥ ነው ብለን እናምናለን።

ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የዋግ መዲና ናት። ዛሬ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተማ ሆና ትገኛለች። ሕዝቡ ኽምጣና የሚባለውን የአገው ቋንቋ ይናገራል፤ ገዥዎቹም ዋግሹም እየተባሉ፣ ዘራቸውን ከዛጕዌ ነገሥታት እየቈጠሩ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ተቀምጠዋል። በከተማዪቱ አቅራቢያ ከአለት ተፈልፍሎ የታነጸው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የጥንቱን የዋግ ሥልጣኔ ይመሰክራል። ሰቆጣ የአሞሌ ጨው የሚወርድባት ታላቅ ገበያም ነበረች።

እንዲህ ባለ አገር ውስጥ መጽሐፍ የሚሠራው ከአገሩ ፍሬ ነው። የአበርገሌ ፍየል በዘሩ የታወቀ ነው፤ የፍየልም ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ ብራና ይሆናል። መቃው ከወንዝ ዳር ይቈረጣል። ገብሱ ከእርሻ፣ ጥላሸቱ ከምጣድና ከድስት ቂጥ ይገኛል። ጥቁሩ ቀለም የሚዘጋጅበት ሥርዓት እንደየአገሩና እንደየጸሐፊው ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው፤ ጥላሸት ይሰበሰባል፣ እስኪከስል የተቈላ እህል ይጨመርበታል፣ ልዩ ልዩ ቅጠልና ሙጫ ይገባበታል፣ ከዚያም በውሃ ተለውሶ ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዲበስል ይተዋል። በግእዝ ቀለም «ማየ ሕመት» መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ሕመት ማለት ጥላሸት ነውና። ስለዚህ በቤት ውስጥ ሴቲቱ እንጀራ የጋገረችበት እሳት ያስቀረው ጥላሸት፣ በቤተ ክርስቲያን የዳዊት መዝሙር ሆኖ ይነበባል። ይህን ያስተዋለ ሰው ጥቁሩን ቀለም ተራ ነገር አድርጎ አይመለከተውም።

ቀዩ ቀለም ግን ሌላ ማዕርግ ነበረው። ከዕፅዋትና ከአፈር ይዘጋጅ ነበር፤ በአንዳንድ ብራናዎች ላይ በተደረገ ምርመራም ሲናባር የተባለው፣ ከሜርኩሪና ከድኝ የተዋሐደ ደማቅ ቀይ ተገኝቷል። በቀላሉ የማይገኝ ስለ ነበረ በየቦታው አይፈስስም፤ ለክብር ይቈጠባል። ጸሐፊው ጥቁሩን መቃ አስቀምጦ ቀዩን የሚያነሣው ለታወቀ ምክንያት ነው፤ የእግዚአብሔር ስም ሲመጣ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ሲጠራ፣ አዲስ ምዕራፍ ሲከፈት፣ ቍጥር ሲጻፍ፣ በአራት ነጥብም ዙሪያ ጌጥ ሲጨመር። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስምም እንዲሁ በቀይ ይገባ ነበር። ሰው በክታብ ላይ ስሙን በቀይ ተጽፎ ማየት ይወድ የነበረው፣ ዓይኑ ደማቁን ስለ መረጠ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ከከበሩት ስሞች ጋራ በአንድ ቀለም በመጻፉ ተስፋ ስለሚያደርግ ነው። ስለዚህም በአንዳንድ መጻሕፍት ለቀይ የተተወው ቦታ ሳይሞላ ባዶውን ቀርቶ እናያለን። ቀዩ ቀለም ባልተገኘ ጊዜ በጥቁር ከመሙላት ባዶውን መተው የተመረጠ ይመስላል።

በዚህ ሁኔታ ሁለቱ ቀለማት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲኖሩ፣ ሦስተኛው ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. ዊሊያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት የለንደን ተማሪ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን አወጣለሁ ብሎ ሲደክም፣ በዕቃው ቂጥ የማይረባ የሚመስል ጥቁር ዝቃጭ ቀረበት። ዕቃውን በአልኮል ሊያጥብ ቢል ፈሳሹ ሐምራዊ ሆነ። መድኃኒት ፈልጎ ቀለም አገኘ። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በፓሪስ ሻርል ሎት ሌላውን ሐምራዊ፣ ሜቲል ቫዮሌት የተባለውን ሠራ። ይህም ዋጋው የረከሰ፣ ጥቂቱ ብዙ ውሃ የሚያቀልም ስለ ሆነ ለማኅተምና ለደብዳቤ መገልበጫ ተመረጠ፤ በፈረንሳይ ተማሪ ቤቶችም ልጆች ለረጅም ዘመን በሐምራዊ ቀለም ይጽፉ ነበር።

በኢትዮጵያ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የመንግሥት ጽሕፈት አዲስ ሥርዓት ያዘ። ቀድሞ ጸሐፌ ትእዛዝ በብራናና በመቃ ያከናውነው የነበረው ሥራ ወደ ወረቀትና ወደ ብረት ብዕር ተላለፈ፤ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋምም መጽሐፍ የማብዛቱ ሥራ ከጸሐፊው እጅ እየወጣ ሄደ። ከዚህ ጋራ ሰማያዊውና ሐምራዊው ቀለም ወደ አገራችን ገቡ። ሐምራዊው በተለይ በክብ ማኅተምና በቲተር ላይ ሆኖ እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ ወረደ። ዛሬ በሰቆጣም ሆነ በአዲስ አበባ ባለጉዳይ ወረቀቱን ሲቀበል አስቀድሞ የሚፈልገው ማኅተሙ ያረፈበትን ቦታ ነው፤ ጽሑፉ ምንም ቢያምር ማኅተሙ ከሌለ ልቡ አያርፍም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ማንም ያላሰበው ነው። ከቢሮ የወጣው ሐምራዊ ወደ ብራና ተመለሰ። በ20ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ አንዳንድ ብራናዎችና ክታቦች ውስጥ ቀዩ ይገባበት በነበረው ቦታ ሐምራዊ ገብቶ ይገኛል፤ በአሮጌ መጻሕፍት ኅዳግም የአዲሱ ባለቤት ስም በሰማያዊ ወይም በሐምራዊ ተጽፎ ይታያል። ይህን አንዳንዶች የጥበብ መዋረድ አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን ሌላም ነገር ይታየናል። ቀዩ ቀለም ለብዙ ዘመን ክብርን ያስታውቅ እንደ ነበረ፣ ሐምራዊውም በማኅተም አማካይነት ሥልጣንንና እርግጠኝነትን የሚያስታውቅ ሆነ፤ ስለዚህ ጸሐፊው የከበረውን ስም በሐምራዊ ሲጽፍ የአባቶቹን ሥርዓት አልተወም፤ ለዚያው ሥርዓት በዘመኑ የከበረውን መልክ ሰጠው።

የቀዩ ዕድል ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። በዘመናዊው ተማሪ ቤት ቀይ ቀለም የአራሚው መምህር ድርሻ ሆኗል። ድሮ የቅዱሳን ስም ይጻፍበት በነበረው ቀለም ዛሬ የተሳሳተው መልስ ይሰረዝበታል። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሲደግም ቀዩን ቃል ሲያይ ድምፁን የሚያከብር ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ በደብተሩ ላይ ቀይ ሲያይ ይደነግጣል። አንድ ቀለም በአንድ ልጅ ዓይን ፊት ሁለት ትርጕም ይዞ መቆሙ መምህራንን ሊያሳስባቸው የሚገባ ነገር ነው። መልካሙን መልስ በቀይ ማመልከት፣ ስሕተቱን በሌላ ቀለም ማረም የሚከለክል ደንብ ያለ አይመስለንም።

ከመልክ ይልቅ ግን የሚበልጠው ጕዳይ የዘለቄታ ነው። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተጻፉ መሆናቸው በሳይንስ ምርመራ ተገምቷል፤ እስከ ዛሬም ይነበባሉ። ንጉሥ ላሊበላ ለደብረ ሊባኖስ ዘሽሜዛና የሰጠው የመሬት ስጦታ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በገዳሙ ወንጌል ተመዝግቦ ወደ ዘመናችን ደርሷል። የጥላሸት ቀለም ከሰል ስለ ሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም። ጕድለቱ በብራናው ላይ ስለሚቀመጥ ውሃ ሊያጥበው፣ መታሸትም ሊያራግፈው መቻሉ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው አብዛኛው የብዕር ቀለም ግን በውሃ የሟሟ ነው። ምክንያቱም በብዕሩ ውስጥ ያለው መተላለፊያ እንደ ፀጕር ቀጭን ስለ ሆነ የጥላሸት ደለል ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ያለ ደለል የሚፈስሰውን መረጡ። እንዲህ ያለው ቀለም በብርሃን ይገረጣል፣ ጠብታ ውሃም ይበቃዋል። በእንግሊዝ አገር የጋብቻና የልደት መዝገብ ከብረት ጨውና ከዛፍ እብጠት በሚሠራው፣ ሲጻፍ ሰማያዊ፣ ነፋስ ሲነካው ጥቁር በሚሆነው ቀለም እንዲጻፍ ለረጅም ዘመን ደንብ ሆኖ የኖረው ይህን አደጋ በማሰብ ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ ተደርጎ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተቀድተዋል። ሥራው ምስጋና የሚገባው ታላቅ ሥራ ነው፤ በእርሱ ምክንያት ብዙ ቃል ከጥፋት ድኗል። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። በዚያ ፊልም ላይ ቀዩም፣ ሐምራዊውም፣ ጥቁሩም ሁሉ አንድ ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ጸሐፊው መቃውን ለውጦ ያከበረው ስም ከሌላው ቃል ጋራ እኩል ሆኖ ይነበባል። ዋናው መጽሐፍ በየደብሩ ካልተጠበቀ፣ ወይም እንደ ገና በሙሉ መልኩ ካልተነሣ፣ ቃሉ ቀርቶልን ክብሩ ሊያመልጠን ነው።

በዋግ ኽምራ ዛሬ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኽምጣና ይማራሉ፤ የሚጽፉትም በግእዙ ፊደል ነው። በእስክሪፕቶ የሚጽፉት እነዚህ ልጆች ቀለም በገበያ የሚገዛ እንጂ በምጣድ ቂጥ የሚገኝ ነገር መሆኑን ላያውቁ ይችላሉ። ገብስ ቈልቶ፣ ጥላሸት ሰብስቦ ቀለም ማብሰል የሚችሉት አረጋውያን ግን እያነሡ በመሄድ ላይ ናቸው። ተማሪዎች ወደ እነዚህ አባቶች ቀርበው ምን ቅጠል ይገባል፣ ስንት ቀን ይቆያል ብለው ጠይቀው ቢጽፉ፣ መምህራንም ይህን እንደ አንድ የታሪክ ሥራ ቢያዝዙ፣ ድካሙ ጥቂት፣ ፍሬው ብዙ ይሆናል። የመዝገብ ሹማምንትም ከ50 ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ ርስቱን ወይም ልደቱን ሊያስረዳበት የሚመጣውን ወረቀት ሲጽፉ፣ በእጃቸው የያዙት ቀለም እስከዚያ ቀን ይቆይ እንደ ሆነ አስቀድመው ሊመረምሩ ይገባል።

ሰው የሚወደውን ቀለም ይምረጥ፤ አረንጓዴውንም፣ ወይን ጠጁንም፣ ገና ያልሞከረውንም ይሞክር፤ ከፐርኪን ዝቃጭ የወጣው ሐምራዊ በእኛ ብራና ላይ ቦታ ካገኘ፣ ነገ የሚመጣውን ማን ያውቃል። ለራሱ በሚጽፈው ደብዳቤ ፈቃዱ ነው። ለሌላ ሰው መብት ምስክር የሚሆነውን ሲጽፍ ግን ምርጫው የዓይን ጕዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ሊያነብበው ላልተወለደ ሰው ጭምር ይጽፋልና።