የወረደው ጨው፣ የቀረው ድንጋይ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እንላለን። ተረቱ ለሰው ጠባይ የተነገረ ነው። እኔ ግን ዛሬ ጨውን እንደ ጨው፣ ድንጋይንም እንደ ድንጋይ ወስጄ ላወጋችሁ ነው። ምክንያቱም ከላስታ እስከ ደላንታ ባለው ደጋ ጨው ገንዘብ ሆኖ ኖሯል፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ድንጋይ ተቆፍሮ ገንዘብ ይፈለግበታል። የሁለቱ ታሪክ ይመሳሰላል።

እስቲ ከጨው እንጀምር። ወጣችን ውስጥ ከምንጨምረው ጨው በክብደት 40 በመቶ ያህሉ ሶዲየም የሚባል ሜታል ነው። ይህን ሜታል መሬት ቆፍሮ ብቻውን ያገኘው ግን የለም። እሱና ወንድሞቹ ሊቲየም፣ ፖታሲየም፣ ሩቢዲየም፣ ሲዝየምና ፍራንሲየም አልካሊ ሜታሎች ይባላሉ። መቼም ሜታል ሲባል ትዝ የሚለን ጠንካራ ነገር ነው፤ ሶዲየም ግን እንደ ረጋ ቅቤ በቢላ ይቆረጣል። የተቆረጠው ፊቱ እንደ ብር ያብለጨልጭና አየር ሲነካው ወዲያው ይደበዝዛል። ውኃ ላይ ጠብ ቢያደርጉት ይንሳፈፋል፣ ቀልጦ ይድቦለቦላል፣ እየተንሿሿ ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣል። ፖታሲየም ከሆነማ ሐምራዊ ነበልባል ያወጣል። በዚህ የተነሳ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚቀመጡት ላምባ ወይም ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የእያንዳንዱ አቶም የመጨረሻ ዳር ላይ አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ አለች። እሷን ለሌላ ሰጥቶ ለመገላገል ይቸኩላል። ከሊቲየም ወደ ሲዝየም በወረድን ቁጥር ችኮላው እየባሰ ይሄዳል።

እነዚህን ችኩሎች መጀመሪያ ነጥሎ ያወጣው እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1807 በቀለጠ ፖታሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ፖታሲየምን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሶዲየምን አገኘ። ፖታሽ የሚለው ስም የድስት አመድ እንደማለት ነው፤ አልካሊም ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ የተቃጠለ ተክል አመድን ያመለክታል። እናቶቻችን ቅባት የያዘውን ድስት በአመድ ሲፈትጉ የኖሩት እንግዲህ በዚሁ በፖታሲየም ጉልበት ነው። ስሙን አልሰሙትም እንጂ ሥራውን ያውቁታል።

ወደ ደጋችን ሶዲየም ሲወጣ የኖረው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነው። የዳናክል ረባዳ መሬት ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር እየገባበት ውኃው ሲተን ጨዉ ተንጣሎ ቀረ። ከዚያ እየተቆረጠ የተስተካከለው አሞሌ በትግራይ በኩል ሰቆጣ ይደርሳል። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ወደ ላስታ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ወሎ ይበተናል።

አሞሌ ሸቀጥም ነው፣ ገንዘብም ነው። በግ ይገዙበታል፤ ሲያሻቸው ደግሞ ሰብረው ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። ዝናብ ቢመታው የሚሟሟ ገንዘብ አይገርምም? አፄ ምኒልክ የ1887 ዓ.ም. ብራቸውን ካሠሩ በኋላ እንኳ አሞሌ ከገበያ ቶሎ አልወጣም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየውና የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን የጨው ገንዘብም አስተውሏል። ጨዉ ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ መጠን ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ ጽፏል። ፀሐይ እያቃጠለው ለሚቆርጠው ሰው ርካሽ፣ ሩቅ አገር ላለው ነጋዴ ውድ ማለት ነው።

አሁን ከላስታ ወደ ደቡብ፣ ደላንታ ወገል ጤና እንሻገር። አምባው የቆመው ከእሳተ ገሞራ በወጣ አለት ላይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የወረደው የእሳተ ገሞራ አመድ ሲሊካ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም የያዘ ነበር። ውኃ ሰርጎ አለቱን ሲያፈርሰው እነዚያ ለውኃ የሚቸኩሉ አልካሊዎች ተሟሙተው ሄዱ። በዓለም ሁሉ እንዲህ ከየተራራው በወንዝ የወረደ ሶዲየም ነው ባሕርን ጨዋማ ያደረገው። ከአለቱ የተፈታው ሲሊካ ግን በየስንጥቁ ረግቶ ቀረ፤ ኦፓል ሆነ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብልጭታ የሚሰጠው ይህ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ወዲህ የወገል ጤና ስም በዓለም የጌጥ ድንጋይ ገበያ ታወቀ።

ታዲያ የአሞሌው ታሪክ እዚህም ተደገመ። ወጣቱ በገደል አፋፍ በዶማና በመዶሻ ይቆፍራል፤ አፈር ተንዶበት የሞተም አለ። ድንጋዩ ግን ዋጋ የሚያወጣው ከተማ ገብቶ፣ ሕንድ ጃይፑር ደርሶ፣ ተቆርጦና ተወልውሎ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ይታየኛል። አሞሌ ውድ የሆነው ከባድ ስለነበር ነው። የበቅሎው ቀለብ፣ የቀረጡ ብዛት፣ የመንገዱ ሽፍታ ሁሉ ዋጋው ላይ ይጨመራል። ኦፓል እኮ ኪስ ውስጥ ይገባል! ዋጋውን የሚያንረው ቆርጦ የማለስለስ ሙያና ገበያውን ማወቅ ነው። ሁለቱም ደላንታ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው፣ ሙያውም የሚለመድ ነው። የጥንቱ ጨው ቆራጭ ዳናክልን ወደ ጎንደር ማቅረብ አይችልም ነበር። ለወገል ጤናው ወጣት ግን ሞረዱን አጠገቡ ማምጣት ይቻላል። እስከዚያው ገደሉ የእሱ፣ ትርፉ የሌላ ሆኖ ይቀጥላል።